ለልጅቷ «ለገና እመለሳለሁ» ብያት መጣሁ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ እዚሁ ሀዋሳ ካለች አንባቢ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፣ ስሞቹንም አውጥቻቸዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥም አገለግላለሁ። ባለፈው ሐምሌ 11 ሆነን ለ12 ቀን ወደ ሰሜን ኬንያ ለሚሽን ሄደን ነበር። በሞያሌ ተሻግረን ከማርሳቢት ወጣ ብሎ ያለ አንድ መንደር አረፍን። ቀን ለልጆች ፕሮግራም እናዘጋጃለን፣ ማታ ወንጌል እንሰብካለን። የትምህርት ቤቱን ሁለት ክፍል ቀለም ቀባን፣ ያሰባሰብነውን ልብስ አደልን። የፓስተሩ ሚስት ታበስልልን ነበር። ድርቅ ከብታቸውን ጨርሶባቸው ሳለ ለእኛ ፍየል አረዱ፣ እኔ መብላት አቃተኝ። ግድግዳውን ስንፍቅ ከሥሩ ሌላ አዲስ ቀለም ወጣ። አንድ ልጅ "እሱን ባለፈው ዓመት የመጡት ናቸው የቀቡት" አለን። አንዲት 10 ዓመት የሚሆናት ልጅ ደግሞ ከእኔ አትለይም ነበር። ስንሄድ አለቀሰች። ሻርፔን አውልቄ ሰጠኋትና "ለገና እመለሳለሁ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ገንዘቡም ፈቃዱም የለኝም። ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ የተረፈ እንጀራ ስትደፋ ጮህኩባት። በጥቅምት መጨረሻ የሚሽን እሁድ ስለሆነ ምስክርነት ስጪ ተብያለሁ። ሪፖርቱ 63 ሰው ጌታን ተቀበለ ይላል፣ እኔ ግን እሱን ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አንዳንዴ ሥራዬን ለቅቄ ሚሲዮናዊ ልሁን እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ መሄዳችን ራሱ ስህተት ነበር እላለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል፣ እኔ ግን ከልጅቷ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ትንሽ መቆየት ይችላል፣ የእሷ ጉዳይ ግን ቀን ተቆርጦለታል።

ቀኑም አንቺ ከምታስቢው የቀረበ ነው። ኬንያ ውስጥ ገና የሚከበረው ዲሴምበር 25 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ማለት ነው። አንቺ ታኅሣሥ 29ን እያሰብሽ ሳለ ያቺ ልጅ 13 ቀን ቀድማ መንገድ መንገዱን ማየት ትጀምራለች።

ይህን የምልሽ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። ያደግኩት እዚሁ አዋሳ ነው፣ ያኔ ሁላችንም አዋሳ ነበር የምንላት፣ ቤታችንም ከታቦር ተራራ ሥር ነበር። 1986 ወይም 87 ይመስለኛል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደርግ ወድቆ አማኞች በነፃነት መሰብሰብ ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመት ነው፣ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችም በዝተው ነበር። አንድ ክረምት ለእኛ ለልጆቹ ፈረንጆች መጡልን። መዝሙር አስተማሩን፣ ፊኛ ሰጡን፣ የግቢውን አጥር ቀቡ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት እኔን ወደደችኝ። ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ሐይቅ ዳር ይዛኝ ሄደች፣ አሞራ ገደል ቆመን ዓሣ ሲበለት አየን፣ እዚያው ፎቶ አነሳችኝ። ስትሄድ «ፎቶውን እልክልሻለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እመጣለሁ» አለችኝ፣ ያስረዳኝ አስተርጓሚው ነው። ከዚያ በየእሁዱ መጋቢያችንን «ፖስታ መጣ ወይ?» እያልኩ እጠይቀው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን «ይመጣል» ይለኝ ነበር። በኋላ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ያልፋል። በዓመቱ ሌሎች እንግዶች መጡ፣ እሷ የለችም። ልጆቹ ሁሉ ወደ ፊኛው ሲሮጡ እኔ እናቴ ነጠላ ሥር ገብቼ ዋልኩ።

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ያንን ስትል ከልቧ ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ልክ አንቺ ከልብሽ እንደነበርሽ። ግን እሷ ገና መንገድ ላይ ሳለች የረሳችውን ንግግር እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ዛሬም ድረስ፣ ልጆች ወልጄ እንኳን፣ ሰው «እደውልልሻለሁ» ሲለኝ ቶሎ አላምንም።

ስለዚህ ምስክርነቱንም ጥሪሽንም ለጊዜው ተዪውና በዚህ ሳምንት ደውዪ። የፓስተሩ ስልክ የቡድን መሪያችሁ ጋር አይጠፋም። መጀመሪያ ለእናቷ ወይም ለአባቷ ንገሪ፣ ሲፈቅዱልሽ ለእሷ። በአጭሩ በይ፦ «ለገና እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፣ አልችልም፣ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» እንግሊዝኛዋ ካልበቃ ከቡድናችሁ የቦረና ኦሮምኛ ይችላል ያልሽው ወንድም አጠገብሽ ይሁን። አደራ፣ «ጌታ ቢፈቅድ» የምትለዋን እንዳትጨምሪባት። እኛ አማኞች «አልችልም» ማለት ሲከብደን እሷን ቃል እናስገባለን፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ይገባዋል፣ ልጅ ግን የምትሰማው መምጣትሽን ብቻ ነው። ልታለቅስ ትችላለች። ታልቅስ። አሁን አልቅሳ ታኅሣሥ 16ን ከእህት ወንድሞቿ ጋር ደስ ብሏት ብትውል ይሻላል።

ከዚያ አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ አሳጥቢው። ስልክ ላይ የሚላከውን ማለቴ አይደለም፣ በእጅ የሚያዝ ይሁን። ከጀርባው ስሟንና ቀኑን ጻፊበት። ከሀዋሳ ሞያሌ በየቀኑ መኪና አለ፣ ሞያሌ ያለች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ማርሳቢት የሚሄድ ሰው አታጣም። አንድ ፎቶ ለእናቷም ጨምሪ። ገንዘብ ወይም ልብስ ለእሷ ለብቻዋ መላኩን ግን ተዪው፣ አንዷን ልጅ ከእህት ወንድሞቿና ከጓደኞቿ ትነጥያታለሽ።

አሁን ወደ ፍየሉ ልምጣ። እህቴ፣ ልቆጣሽ አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባላሳጠርኩት ደብዳቤሽ ውስጥ የቡድን መሪያችሁ በስም አለ፣ የኳየር ጓደኞችሽ አሉ፣ ሾፌሩ ሳይቀር ስም አለው። 12 ቀን ያበሰለችልሽ ሴት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «የፓስተሩ ሚስት» ናት። ስሟን ታውቂዋለሽ? ስንት ልጅ እንዳላት ጠይቀሻታል? አዝነሽላታል፣ እሱን አይቻለሁ። ብታዝኝ ደግሞ አይገርመኝም፣ በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሳይዘንብ ቀርቶ ስንቱ አርብቶ አደር ባዶ እጁን እንደቀረ እናውቃለን። ሆኖም ያ ቤተሰብ ፍየል ያረደው እንግዳ መጥቶበት ነው። እናትሽ ተበድራ ዶሮ ሠርታ፣ እንግዳው «ኑሯችሁ አሳዘነኝ» ብሎ ሳህኑን ቢገፋው ምን ይሰማት ነበር? ለስንት ቀን ነበር የምታወራው? ጌታ ራሱ ሰባዎቹን ሲልካቸው፣ ሉቃስ 10 ላይ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ ብሏቸዋል። የሚላክ ሰው ተቀባይም ሆኖ እንዲሄድ የፈለገ ይመስለኛል። እኛ ግን ሰጪ ብቻ ሆነን ስንሄድ ሲሰጡን ምን እንደምናደርግ ይጠፋናል። ለልጅቷ ስትደውይ ለእሷም ደውዪላት። ፍየሉን ያልበላሁት አፍሬ ነው በያት። ትስቅ ይሆናል።

የቀለሙ ነገር ቢያሳፍርሽ ልክ ነሽ፣ እኔም ሳነበው አፈርኩ፣ በልጅነቴ የተቀባው አጥር ትዝ አለኝ። እንደጻፍሽልኝ ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ግራር ሥር ተቀምጠው የተማሩት የዓመት ዕድሜ ያለው ቀለም እንደገና እንዲቀባ ነው። ለዚህ እናንተ ብቻ አይደላችሁም ተጠያቂዎቹ፣ ነገሩ ከመጣ ቆይቷል። ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ1998 ሆንዱራስን ካፈራረሳት በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የሚሽን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄደው ነበር። ኩርት ቨር ቢክ የሚባል እዚያው የሚኖር ተመራማሪ ወጪውን አሰላው። የጉዟቸው ወጪ ሲጨመር እንግዶቹ የሠሩት አንድ ቤት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣበት። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ሲሠሩት ግን 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ይኸው ሰው ተጓዦቹንም አጥንቷቸዋል። ሕይወቴ ተቀየረ ብለው የተመለሱት ሰዎች፣ ቆይቶ ሲታዩ፣ በጸሎታቸውም በስጦታቸውም ብዙም የተለወጠ ነገር አልተገኘባቸውም።

ይህን ሁለተኛውን የነገርኩሽ ለማስፈራራት አይደለም። ዛሬ እንቅልፍ የነሳሽ ነገር በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፣ የሁላችንም ይደበዝዛል። ሳይደበዝዝ አንድ ነገር አድርጊበት። ለምሳሌ ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ለመሄድ መዘጋጀቱ ስለማይቀር፣ አንቺ ገና ከአሁኑ የዚያን መንደር ቤተ ክርስቲያን እንጠይቅ ብለሽ ሐሳብ አቅርቢ። ምን ይፈልጋሉ? ሰው ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? ቀለም ካስፈለገ ማርሳቢት ውስጥ ሥራ ያጣ ቀቢ ወጣት አይጠፋም፣ ለእሱ ቢከፈለውስ? ምናልባት አስተማሪ ስለሆንሽ አንቺን ይፈልጉ ይሆናል፣ ለእነሱ አስተማሪዎች ጓደኛ የሚሆን አስተማሪ። ምናልባት ደግሞ «ዘንድሮ አትምጡ» ይሉ ይሆናል። ከመለሱ ደግሞ መልሳቸው ይከበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬንያዊው የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ጆን ጋቱ ተነስተው፣ የውጭ ሚሲዮናውያንም ገንዘባቸውም ለጊዜው ይቁም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷን ትቻል ብለው ተናግረው ነበር። ብዙዎች ተቆጡ። እኔ ግን እንግዳ ጠልተው ነው ብዬ አላስብም፣ የሚሰማን እስክናገኝ ዝም እንበል እንደማለት አድርጌ ነው የምወስደው። ያን ጊዜ የተነገረው ለፈረንጆቹ ነበር። ዛሬ እኛም ከሀዋሳ ቲሸርት አሳትመን ስንሄድ፣ ለእኛም ነው።

አንዲት ዓረፍተ ነገርሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቆረቆረችኝ። «ያቤሎን በሌሊት ስላለፍነው ተኝቼ ነበር» ብለሻል። እህቴ፣ ማርሳቢት ያገኘሻቸው ሰዎችና በእኛው ቦረና ያቤሎ፣ መጋ፣ ዱብሉቅ ያሉት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ዘመዳሞች ናቸው። ያው ድርቅ እዚህ ማዶም ከብቱን ጨርሷል፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ዱብሉቅ መጠለያ ውስጥ ገብቷል። ከእኛ ከተማ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመንገዱ ብዙው በእነሱ አገር ያልፋል። እኛ ግን ፓስፖርት አውጥተን ድንበር እስክንሻገር አላየናቸውም። አንቺን ብቻ አልወቅስም፣ እኔም በዚያ መንገድ ስንቴ ተኝቼ አልፌያለሁ። ውጭ አገር መሄድ ለምን እንዲህ እንደሚያጓጓን እኔም ራሴን እየጠየቅኩ ነው፣ ጸሎቱም ስጦታውም ለውጭ ጉዞ ሲሆን ቶሎ ይሰበሰባል።

ወደ ምስክርነቱ ስመጣ፣ ተናገሪ። እምቢ ብለሽ አትቅሪ። ምእመናን ገንዘባቸውን አዋጥተዋል፣ ጾመው ጸልየዋል፣ መስማት ይገባቸዋል። ጳውሎስና በርናባስም ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገውን ተርከዋል። ቁጥሩን ግን አፍሽ ካልታዘዘ አታስገድጂው። ሁለት ጊዜ እየተተረጎመ በቀረበ ስብከት፣ በእንግዳ ፊት፣ ልብስ ሊታደል ሲል እጅ ያነሳ ሰው ልቡ ምን እንዳለ አንቺም አታውቂም፣ የቡድን መሪሽም አያውቅም። ከ63ቱ መካከል በእውነት ጌታን ያገኘ ሊኖር ይችላል፣ እኔም እንዲኖር እጸልያለሁ። ያንን የሚያውቀው ግን እዚያው የቀረው ፓስተር ነው፣ ደውላችሁ «ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዴት ናችሁ?» ብትሉት ከሪፖርቱ የተሻለ ነገር ይነግራችኋል። ሰባዎቹም ደስ ብሏቸው ተመልሰው አጋንንት ተገዙልን ሲሉ ጌታ ደስታቸውን ወደ ሌላ ነገር ነው የመለሰው፣ ስማችሁ በሰማያት በመጻፉ ደስ ይበላችሁ አለ።

መድረክ ላይ ወጥተሽ ግን ሰው አታጋልጪ። ከእሁዱ በፊት መሪያችሁን ለብቻው አግኝተሽ የምትናገሪውን አንብቢለት። «ቁጥሩን አልጠራም፣ የራሴን ያየሁትን ነው የምናገረው» በዪው። ጥሩ ሰው ከሆነ ይረዳሻል፣ ቅር ቢለውም ድንገት ከመስማት ይሻለዋል። ከዚያ ያየሽውን ተናገሪ። ማርሳቢት ከተማ ተራራው ላይ ሆና ጠዋት ጠዋት ጉም እንደሚሸፍናት፣ ቁልቁል ሲወረድ ድንጋይና ንፋስ ብቻ እንደሚሆን። ፍየሉን። ከሥር የወጣውን ቀለም። ለልጅቷ ያልሽውንና ደውለሽ የነገርሻትን። የልጆቹን ፎቶ በፕሮጀክተር አታሳዪ፣ ወላጆቻቸውን አልጠየቃችሁም። እኔ የተነሳሁት ፎቶ በማን አገር፣ በየትኛው አዳራሽ፣ ምን ተብሎ እንደታየ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሥራ መልቀቁን በተመለከተ፣ አሁን አትልቀቂ። ጥሪ የለሽም እያልኩ አይደለም። ግን ከእኛ የቀደሙትን ተመልከቺ። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ የወንጌል ድርጅት ወላይታ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937፣ በእኛ 1929፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ገደማ ሆነው አገኟቸው። ማንም ፈረንጅ በሌለበት፣ እስርና ግርፋት እያለ። ከዚያ የወላይታ ወንጌላውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ሌሎችም ጎረቤት ሕዝቦች ሄዱ። ቋንቋውን ለመዱ፣ እዚያው አረሱ፣ እዚያው ተቀበሩ። አያቶቻችን ወንጌል የደረሳቸው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። እና አንቺም «ልሂድ» ካልሽ መጀመሪያ ኦሮምኛ ተማሪ። ሀዋሳ ውስጥ የቦረና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ሞልተዋል፣ አንዷን ፈልጊና በሳምንት ሁለት ቀን አስተምሪኝ በያት፣ አንቺም እንግሊዝኛ አስተምሪያት። አንድ ዓመት ተማሪ። በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ያቤሎ ሄደሽ አንድ ወር ተቀመጪ፣ ያለ ቲሸርት፣ ያለ ፕሮግራም፣ በሰው ቤት። ከዚያ በኋላም ሸክሙ ካለቀቀሽ ጻፊልኝ፣ ከሽማግሌዎቻችሁም ጋር ተነጋገሪ። አልቆ ከተገኘም አታፍሪ፣ ቋንቋው ይቀርልሻል፣ ጓደኛም ይተርፍሻል።

መሄዳችሁ ስህተት ነበር ወይ ላልሽው፣ አይመስለኝም። ጳውሎስም ለበርናባስ ያለው ተመልሰን ወንድሞችን እንጎብኛቸው፣ እንዴት እንዳሉም እንወቅ ነበር። የእናንተ የጎደለው እሱ ነው።

እናትሽን ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቂያት። እንጀራ መድፋቷ ከማርሳቢት ድርቅ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ምናልባት ሻግቶ ነው። እንቅልፉ ደግሞ ከደወልሽ በኋላም እምቢ ካለሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። ጸሎትሽን አይተካብሽም፣ እኔም አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጠቅሞኛል።

ስትደውይ ማታ ይሁን። ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ከዚያም ከፍየሎቹ ጋር ትወጣ ይሆናል፣ ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ ነው ሁሉም ሰው ቤት የሚገኘው። የፓስተሩ ሚስት ስልኩን ካነሳች መጀመሪያ ስሟን ጠይቂያት።